ጀሮኒሞ ሎቦና ማር መሪዋ ወፍ

በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የፖርቱጋል ተወላጆች መካከል፣ አገሪቱን በዐይኑ አይቶ ያየውን በጽሑፍ ካቆዩት ሰዎች አንዱ ጀሮኒሞ ሎቦ ነው። ስሙ በታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከደረሰው የሃይማኖት ጠብ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ሎቦ ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ እውነትነቱ ሲያከራክር ከኖረው አንዱ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት የጻፈው አይደለም፤ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍና ሰዎች ለእርሷ ስለሚተዉላት የማር ሰፈፍ የጻፋቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎቦ በ1595 በሊዝበን ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። ገና በ14 ዓመቱ ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገባና ትምህርቱን በዚያው በማኅበሩ ትምህርት ቤቶች ተከታተለ። ማዕርገ ክህነት ከተቀበለ በኋላ ወደ ህንድ እንዲሄድ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ከሊዝበን ወደ ህንድ የሚደረገው ጉዞ አፍሪካን ዞሮ የሚያልፍ ስለ ነበረ፣ ወራት የሚፈጅና ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ በበሽታ የሚያልቁበት ነበር። ሎቦ በ1622 የተሳፈረበት የመርከብ ጓድ ከሞዛምቢክ አጠገብ በእንግሊዝና በሆላንድ መርከቦች ተመታ። እርሱ ግን ከጥፋቱ ተርፎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎአ ደረሰ።

በዚያው ወራት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን የሚያበሥር ወሬ ጎአ ገብቶ ነበር። ማኅበሩም ሌሎች ካህናትን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ቈረጠ። ዳሩ ግን መንገዱ አስቸጋሪ ነበር። የቀይ ባሕር ወደቦች በቱርኮች እጅ ስለ ነበሩ፣ ካህናቱ በአንድ መንገድ ከመሄድ ይልቅ በልዩ ልዩ በሮች እንዲሞክሩ ተወሰነ። ከቤተ መንግሥት የተላከው ደብዳቤ በደንከል ጠረፍ በኩል ቢገቡ እንደሚሻል የሚመክር ነበር፤ ነገር ግን ሎቦ እንደሚተርከው ጸሐፊው በስሕተት ደንከል በማለት ፈንታ ዘይላ ብሎ ጻፈ። ይህን ደብዳቤ አምነው በዘይላ በኩል የሄዱት ሁለት ካህናት በአገሩ ገዥ ተይዘው ታሰሩ፣ ኋላም ተገደሉ። የአንድ ቃል ስሕተት የሁለት ሰዎችን ሕይወት አጠፋ።

ለሎቦ የደረሰው ዕጣ ከሁሉ ይልቅ ያልታወቀው መንገድ ነበር። በ1624 ከጎአ ተነሥቶ ዛሬ በኬንያ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ፓቴ ደሴት ተሻገረ። ከዚያም በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን አቅንቶ፣ የሚበዛውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ የጁባ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አገር ደረሰ። ዐሳቡ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ በየብስ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ነበር። በጁባ አጠገብ የሰፈሩትን ኦሮሞዎች አግኝቶ አለቆቻቸውን አነጋገረ። ሽማግሌዎቹም እንዳይጎዱት መሐላ ማሉለት። የመሐላው ሥርዐት ሎቦን በጣም አስደንቆታል፤ አንድ በግ ወደ ሸንጎው ቀርቦ ቅቤ ከተቀባ በኋላ፣ የየቤቱ አባወራዎች እጃቸውን በራሱ ላይ እየጫኑ ቃል ይገቡ ነበር። እንዲህ ያለውን መሐላ የሚያፈርስ ሰው እንደሌለም ተረዳ።

ይሁንና መሐላው የሚያገለግለው በእነርሱ ወሰን ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ኢትዮጵያ ነገሥታት ግዛት ድረስ ባለው አገር እርስ በርሳቸው የሚዋጉ ብዙ ሕዝቦች እንዳሉ፣ አንዱ ያሳለፈውን መንገደኛ ሌላው እንደማያሳልፈው ነገሩት። ሎቦም ነገሩን መርምሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። በካርታ ላይ ስንመለከተው፣ ሊያልፍበት ያሰበው አገር ዛሬ የቦረና ሕዝብ የሚኖርበትን ሰፊ ምድር የሚያካትት ነው። ከጁባ አፍ እስከ ሞያሌ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቈረቈረችው ሞያሌም ሆነች በኬንያ በኩል ያለችው ሄሉ በዚያ ዘመን አልነበሩም፤ ድንበሩ ራሱ ገና በ1907 በተደረገ ውል የተከለለ ነው። ግራርና ቍጥቋጦ የሞላበት ደረቅ ምድር ግን ያን ጊዜም ነበረ። ሎቦ ይህን አገር ሳያይ ቢቀርም፣ ቃሉን የሚመሰክሩለት ሰዎች ከብዙ ዘመን በኋላ የተገኙት ከዚሁ ከቦረና ሕዝብ መካከል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1625 ሎቦ ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ሆኖ በደንከል ጠረፍ በቤይሉል ወረደ። ውሃ የሌለበትን የጨው በረሓ በሌሊት እየተጓዙ አቋርጠው፣ ከብዙ ድካም በኋላ ትግራይ ውስጥ ዐድዋ አጠገብ ከምትገኘው ከፍሬሞና ደረሱ። ሎቦ ከዚህ በኋላ በኢትዮጵያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በዳሞት አስተማረ። ከግራኝ አሕመድ ጋር ሲዋጋ በ1542 የተገደለውን የክሪስቶቮ ዳ ጋማን ዐፅም ፈልጎ እንዲያወጣ ተልኮም ሥራውን ፈጽሞ ተመለሰ። የዐባይን ምንጭ አገር ጎበኘ፤ የጢስ ዐባይን ፏፏቴ አይቶ፣ ውሃው እንደ መጋረጃ ሲወርድ በመጋረጃውና በገደሉ መካከል ገብቶ እንደ ተቀመጠ ጻፈ።

ሎቦ የሚያይ ዐይን ነበረው። ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ግብሩና ስለ ምግቡ በሰፊው ጽፏል። ከሰማው ውስጥ አንዳንዱን ሳያጣራ መቀበሉም አልቀረም፤ አንድ ቀንድ ስላለው ፈረስ መሳይ እንስሳ የጻፈው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ስለዚህም በኋላ የመጡ አንባቢዎች ከጽሑፉ የትኛውን ማመን፣ የትኛውን መተው እንደሚገባቸው ለመለየት ተቸግረዋል። በተለይ ያወዛገበው ሞሮክ ብሎ ስለ ጠራት ወፍ የጻፈው ነው። ስሟ ማር ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር የተዛመደ ይመስላል።

ሎቦ እንደሚለው ይህች ወፍ የዱር ንቦች ማር የሠሩበትን ስፍራ ለይታ የማወቅ ልዩ ተሰጥዎ አላት። ማር ያለበትን ካገኘች በኋላ በመንገድ ዳር ታርፋለች። ሰው ሲያልፍ ባየች ጊዜም እየጮኸችና ክንፏን እያማታች እንዲከተላት ትጋብዘዋለች። ሰውየው መከተሉን ስታይ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየበረረች ትመራዋለች፤ ከቦታው ሲደርሱም አዘማመሯን ትለውጣለች። ሰውየው ማሩን ይቈርጣል፤ ነገር ግን ሁሉን ጠርጎ አይወስድም። ስለ ነገረችው ወሬ ዋጋዋ እንዲሆን ከፊሉን ለወፏ ይተውላታል።

ሎቦ ይህን በጻፈበት ዘመን አገሪቱ ሰላም አልነበረችም። በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ታዛዥ መሆናቸውን በይፋ አስታወቁ። ፓትርያርክ ሜንዴዝም ቀስ ብሎ ማስተማርን ትቶ፣ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ፣ ቅዳሴው በሮም ሥርዐት እንዲሆን አዘዘ። የአባቶቹን ሃይማኖት በግድ የተነጠቀው ሕዝብ በየአውራጃው ተነሣ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋጋ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ በገዛ ሕዝባቸው ላይ ካገኙት አሳዛኝ ድል በኋላ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ካህናቱን በመጀመሪያ ወደ ፍሬሞና አሰባሰቡ፣ ቀጥሎም ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። ለዚህ ሁሉ ደም መፍሰስ ሎቦና ጓደኞቹ ተጠያቂ አይደሉም ለማለት አይቻልም። እርሱ ራሱ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ጥፋቱን የሚያየው በሌሎች ላይ ነበር።

በ1634 ሎቦ ከፓትርያርኩ ጋር በቱርኮች እጅ ወድቆ ወደ ሱዋኪን ተወሰደ። ገዥው የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቀባቸው። ሎቦ ከተለቀቀ በኋላ ወደ ህንድ ተመለሰ፤ ከዚያም ለእስረኞቹ ርዳታ እንዲለምን ወደ አውሮፓ ተላከ። የተሳፈረባት መርከብ በ1635 በደቡብ አፍሪካ በናታል ጠረፍ ተሰበረች። ከሞት የተረፉት ሰዎች በባሕሩ ዳር ወራት ተቀምጠው ከጫካው እንጨት ቈርጠው ሁለት ትናንሽ ጀልባዎች ሠሩ። ሎቦ ከነዚህ በአንዲቱ አንጎላ ደረሰ፤ ከሌላም መከራ በኋላ በ1636 መጨረሻ ሊዝበን ገባ። ወደ ማድሪድና ወደ ሮም ተመላልሶ ቀይ ባሕርን የሚይዝ ጦር እንዲላክ ቢማልድም የሚሰማው አላገኘ። የጠየቀው ጦር ቢላክ ኖሮ ኢትዮጵያን ለሌላ መከራ ይዳርጋት ነበር። ከዚህ በኋላ እንደ ገና ወደ ህንድ ሄዶ ብዙ ዘመን በማኅበሩ ሥራ አገለገለ። ሲያረጅ ወደ ሊዝበን ተመልሶ በ1678 እዚያው ሞተ።

ሎቦ በሕይወት ሳለ ከጽሑፎቹ የታተመው ጥቂቱ ብቻ ነው። በሊዝበን የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሮበርት ሳውዝዌል ከሽማግሌው ሎቦ ያገኛቸውን አጫጭር ጽሑፎች ወደ ለንደን የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ላከ፤ እነርሱም በ1669 በእንግሊዝኛ ታተሙ። ዋናው የጉዞ መጽሐፍ ግን በዮአኪም ለግራን አማካይነት በፈረንሳይኛ የወጣው በ1728 ነው። በ1735 ደግሞ ገና ስሙ ያልታወቀ ድኻ ወጣት የነበረው ሳሙኤል ጆንሰን በአምስት ጊኒ ዋጋ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጆንሰን በኋላ በመዝገበ ቃላቱ ዝነኛ የሆነው ደራሲ ነው። በ1759 ስለ ኢትዮጵያዊው ልዑል ስለ ራሴላስ የጻፈው ልብ ወለድ መነሻው ይኸው የሎቦ መጽሐፍ ነው።

የሎቦን ቃል በጽኑ የተቃወመው ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቈየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነበር። ብሩስ የዐባይን ምንጭ በመጀመሪያ ያየሁ አውሮፓዊ እኔ ነኝ ለማለት ስለ ፈለገ፣ ከእርሱ በፊት በስፍራው የተገኙትን የፖርቱጋልና የእስፓኝ ሰዎች ሁሉ ለማስተባበል ደክሟል። ሎቦ ከጢስ ዐባይ መጋረጃ ጀርባ መቀመጡን ሐሰት ነው አለ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የማር መሪዋንም ወፍ ነገር አጣጣለ። የብሩስ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት የማያሳምን አይደለም፤ በኢትዮጵያ በየቤቱ ቀፎ ተሰቅሎ፣ ማር በየገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ማር የምታሳይ ወፍ ለምን ታስፈልጋለች የሚል ነው። ነገር ግን ብሩስ የተመላለሰው በብዛት በደጋና በቤተ መንግሥት አካባቢ ነበር። ቀፎ በሌለበት ቆላ፣ ከዛፍ ሽንቍርና ከዐለት ስንጥቅ ማር ፈልጎ ስለሚያድር ሰው አላሰበም።

ብሩስ መጽሐፉን ከማሳተሙ በፊት እንኳ ሌላ ምስክር ተገኝቶ ነበር። ስዊድናዊው አንደርስ ስፓርማን በደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ወፍ አይቶ በ1777 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ጻፈ፤ የሳይንስ ስሟንም አወጣላት። ኢንዲካቶር የተባለው ይህ ስም አመልካች ማለት ነው።

ወፏ ለዐይን የምትማርክ አይደለችም። ርዝመቷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መልኳ ዐመድማ ቡናማ ነው፤ በአዋቂው ወንድ ጉሮሮ ላይ ጥቁር፣ በጕንጩ ላይ ነጭ ምልክት ይታያል። ስትጣራ ድምፅዋ በክብሪት የተሞላ ሣጥን ሲነቀነቅ የሚሰማውን ይመስላል። የምትሻው ማሩን ሳይሆን ሰሙንና የንቡን ዕጭ ነው። ሰምን ፈጭቶ ለሰውነት ምግብ ማድረግ የሚችሉ እንስሳት ጥቂቶች ናቸው፤ እርሷ ግን ትችላለች። ሎቦ ያልደረሰበት ሌላም ጠባይ አላት። ዕንቍላሏን በሌሎች ወፎች ጎጆ ትጥላለች፤ ከዕንቍላሉ የወጣው ጫጩትም በምንቃሩ ጫፍ ባለው ስለታም መንጠቆ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ይገድላል። ለሰው ወዳጅ የሆነችው ወፍ ለጎረቤቶቿ እንዲህ ናት።

በ20ኛው መቶ ዘመን ውስጥ ሁለት ነገሮች ለሎቦ ስም መታደስ ምክንያት ሆኑ። በመጀመሪያ፣ ጠፍቶ የኖረው የፖርቱጋልኛው የእጅ ጽሑፍ በ1947 በብራጋ ከተማ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተገኘና በ1971 ታተመ። በዚህም የሎቦን ቃል ከተርጓሚዎቹ ጭማሪ ለመለየት ተቻለ። ሁለተኛው ምስክርነት የመጣው ከሰሜን ኬንያ ነው። ኬንያዊው ተመራማሪ ሁሴን አዳን ኢሳቅና ሃይንስ ኡልሪሽ ራየር የተባለው ባልደረባው የቦረና ማር ቈራጮችን ተከትለው ያጠኑትን በ1989 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ቦረናዎች ወፏ የምትበርበትን አቅጣጫ፣ መጀመሪያ ተሰውራ የምትቈይበትን ጊዜ፣ የምታርፍበትን ቅርንጫፍ ከፍታ አይተው ማሩ በየትና በምን ያህል ርቀት እንዳለ እናውቃለን ይሉ ነበር። አጥኚዎቹ ነገሩን በመለኪያ ፈትነው እውነት ሆኖ አገኙት። ወደ ማሩ በቀረቡ ቍጥር ወፏ የምታርፍባቸው ስፍራዎች ይቀራረባሉ፣ ዝቅም ይላሉ፤ ከቦታው ሲደርሱ ደግሞ ድምፅዋ ይለወጣል። ይህ የመጨረሻው ሎቦ ከጻፈው ጋር አንድ ነው።

ጥቅሙም በቍጥር ተገልጿል። በማያውቁት አገር አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት ያለ መሪ 8.9 ሰዓት፣ ወፏ ስትመራቸው ግን 3.2 ሰዓት በአማካይ ይፈጅባቸዋል። ለወፏም ትርፍ አላት፤ ካሳየቻቸው ጎጆዎች 96 በመቶው ሰው በእሳትና በመሣሪያ ካልከፈታቸው በቀር ልትደርስባቸው የማትችል ናቸው። ጥሪውም ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ቦረናው እርሷን ሲሻ ፉሊዶ የሚባለውን ፉጨት ያሰማል። ሁለት እጁን ገጥሞ፣ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ወይም በተፈለፈለ የዘንባባ ፍሬ ሲነፋው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል።

በብዙ አገሮች ሰዎች በጓሮአቸው የወፍ መመገቢያ ይሰቅላሉ። መመገቢያው ወፎች በሩቅ የሚያዩት፣ ድመት ግን የማትደርስበት እንዲሆን ቦታውን አስበው ይመርጣሉ። ከቤታቸው ሳይወጡ ወፎቹ ወደ እነርሱ ይመጣሉ። ለማር መሪዋ የሚቀርበው ማዕድ ግን የሚዘረጋው እርሷ ራሷ በመረጠችው ስፍራ ነው። ቦረናዎች ማሩን ከቈረጡ በኋላ ድርሻዋን ከዚያው ይተውላታል። በሞዛምቢክ የሚኖሩት ያዎች ደግሞ ሰፈፉን ሰብስበው በለምለም ቅጠል ላይ ያስቀምጡላታል፤ ነጭ ወይም ቢጫ የሆነው ሰም ከአረንጓዴው ቅጠል ላይ ጐልቶ ይታያልና። ዋጋዋን የነፈጋትን ሰው በሌላ ቀን ወደ እባብ ወይም ወደ አንበሳ ትመራዋለች የሚል ተረት በልዩ ልዩ የአፍሪካ ክፍሎች ይነገራል። በታንዛኒያ የሚኖሩት ሐድዛዎች ግን ከዚህ የተለየ ዐሳብ አላቸው። የጠገበች ወፍ አትመራም ብለው የተረፈውን ሰፈፍ ያቃጥሉታል፣ ወይም ይቀብሩታል፤ ወፏም እንደ ተራበች ወደሚቀጥለው ዛፍ ትመራቸዋለች።